ገመድ ሳቢው

«ሐሞትዎ ሊወጣ ነው» ቢሉት፣
ቫርላም ሳቀ አሉ፤ «እሱስ ፈሶ ቆይቷል፤
ሞተሩን ነቅለው የወሰዱት ለት
ከገመዱ ጋራ ሐሞቴም ቀርቷል።»

በቺያቱራ ገደል፣ ከማዕድኑ መንደር በላይ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግር በሰማይ፣
የብረት ሣጥን በገመድ ሲስብ ከአፋፍ ወደ አፋፍ፣
አንድም ነፍስ አልጣለም ከዚያ ሁሉ ጫፍ።
እኔ ደግሞ ማቅቫላ ነኝ፤ ኩታይሲ ነው ሥራዬ፤
ማስተኛቱ ቀላል ነው፤ መቀስቀሱ ነው ዕዳዬ።

በዋዜማው ማታ ወደ አልጋው ዞሬ፣
ጠየቅሁት አንድ በአንድ፣ ቅጹን ጭኔ ላይ አኑሬ፤
«ስኳር?» «አለ።» «ግፊት?» «እሱም አለ።» «ኪኒኑስ?»
«ቤት ካለ እወስዳለሁ፤ እሱም... ሳስታውስ።»
«ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ ወይ?»
«ምን በወጣኝ ልጄ! ሊፍት አለ አይደል ወይ?»
«ማደንዘዣ ያልተስማማው አለዎት ወይ ዘመድ?»
«ዘመድማ አለቀ፤ የቀረኝ ገመድ።»
«የሚነቃነቅ ጥርስ?» «ሁለት፤ ቀኝ በታች።»
«ማንኮራፋት?» «በጭራሽ!»
ሚስቱ ላማራ ከመስኮቱ ዳር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዶክተር፣» አለች፣ «ይዋሻል። የድንጋይ ወፍጮ ነው፤
እሱስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው።
ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ በጨለማ እቆጥራለሁ፤
አሥራ ሰባት... አሥራ ስምንት...
ሃያ ሳይሞላ በእግሬ እመታዋለሁ።
ያን ጊዜ አጓርቶ ይመለሳል፤
ጠዋት ‹ማን ረገጠኝ?› ብሎ ይከሰኛል።»

ቅጹ ላይ ለዚህ የተተወች ቦታ ጣት አታህልም፤
የአርባ ዓመት ሌሊት ግን በጣት ቦታ አያልቅም።

ሲነጋ ስኳሩ ሦስት መቶ አለፈ፤ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፤
በማዳመጫዬ፣ ከሳንባው ግርጌ፣ ደረቅ ቅጠል ተረገጠ።
«ዛሬ አይሆንም» አልሁት፤ «ልብዎን በአልትራሳውንድ እንይ፤
ስኳሩም ይውረድ፤ ሦስት ሳምንት ይቆይ።»
ተነሣ፣ ጫማውን ፈለገ፤ «ትቀልጃለሽ?» አለ፣
«ጾሜን ያደርሁት ለዚህ ነው?» እያለ።

ዝም አልሁ። ቆይቼ «ነፋስ ሲነሣ
እዚያ ላይ ምን ያደርጉ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።
ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

«አንድ ቀን ሙሽራ መጣ፣ ከነሚዜው፣ ከነአኮርዲዮኑ።
ነፋሱን በጉንጬ ለካሁት፤ ‹ማንም አይሳፈር› አልሁ።
ሙሽሪት አለቀሰች። ሚዜው ኮሌታዬን ጨመደደ።
ቁልቁለቱን በእግር ወረዱ፤ ጫማዋ ተበላሸ።
ተጋቡ። ሦስት ወለዱ።»
መለስ አለና፣ «ገመዱ ያን ያህል አላረጀም ነበር፤
ነፋሱም ያን ያህል አልነበረም፤
ክፉው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።»

ይህን እኔ ስድስት ዓመት ተምሬ
እንዲህ አጭር አድርጎ የነገረኝ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣
የኪኒኑን ብልቃጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
የቱን በጠዋቱ እንደሚውጥ፣ የቱን እንደሚተው
ላማራ በእርሳስ ጽፋ ኪሱ ውስጥ የከተተችው።

ጭምብሉን ሳቀርብ «ስንት ሰው ተሳፈረ?» አለኝ።
«አንድ» አልሁት። «ሸክሙ ቀላል ነው። ነፋስ የለም።»
(ዋሸሁ። ትንሽ ነፋስ መቼም አይጠፋም።)

ገፋሁት ወደ ገደሉ፤ አንድ እጄ ከመንጋጋው ሥር፣
ማሽኑ ሲተነፍስለት፣
እኔ እንደ ላማራ ስቆጥር።
አንድ ጊዜ ግፊቱ ወረደ፤ ሣጥኑ ተወዛወዘ፤
ጥቂት መድኃኒት፣ ጥቂት ፈሳሽ፤ ገመዱ ደግሞ ያዘ።

ሲነቃ ድምፁ ሻክሮ «ደረስን?» አለ።
«ደረስን።»
«የመጨረሻው ሰው ሳይወርድ ሞተር አይጠፋም» ብሎ
መልሶ አንቀላፋ።
ስለዚህ ሽቦውን ከጣቱ አልነቀልሁም፤
ቀይዋ መብራት ጥፍሩ ላይ አደረች።

በዚያች ሌሊት ላማራን፣ ብቻዋን በቤቷ፣
ከአርባ ዓመት በኋላ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰዳት አሉ።
ጠዋት ግን ብርድ ልብሷን
ከወለሉ ላይ አነሣችው፤
እግሯ ሲረግጥ አድሮ።